የበግ ጠጉር ልክ የሚወሰነው መቼ ነው?



የሱፍ ልብስ የምንለብስ ሰዎች ለጨርቁ ልስላሴ የምናመሰግነው ፋብሪካውን ነው። የልስላሴው መሠረት ግን የሚጣለው ግልገሉ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው።

የበግ ጠጉር የሚሠራው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ነው። በኬራቲን ውስጥ ድኝ ይበዛል፤ ጠጉር ሲቃጠል የሚከረፋውም ስለዚሁ ነው። የድኙ ቅንጣቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲያያዙ ጠጉሩ ይጠነክራል፤ ለመያያዛቸውም መዳብ ያስፈልጋል። በአውስትራልያ መዳብ በጐደለው መሬት የተሰማሩ በጎች ጠጉራቸው ጥምዝነቱን አጥቶ እንደ ሽቦ ቀጥ ይል ነበር፤ የጥቁሮቹም ቀለም ይለቅ ነበር። መዳብ ሲሰጣቸው ግን ከዚያ ወዲያ የሚበቅለው ጠጉር ደኅና ሆነ። እንግዲህ ይህ ጉድለት የሚታረም ነው።

የማይታረመው ሌላ ነው። በግ የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ሲሆን፣ ጽንሱ 60 ቀን ገደማ ሲሞላው ጠጉር የሚበቅልባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በቆዳው ውስጥ መፈጠር ይጀምራሉ። ትእዛዙም የፕሮቲኖች ነው፤ ቤታ ካቴኒን የተባለው «በዚህ ይፈጠር» ሲል፣ ቢ ኤም ፒ የተባሉት ደግሞ እንዳይጠጋጉ ይከለክላሉ። ቀድመው የሚፈጠሩት አንደኛ ደረጃ ከረጢቶች ይባላሉ። በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ በአጠገባቸው ሁለተኛ ደረጃዎቹ ይከተላሉ፤ ቀጭኑንና ለስላሳውን ጠጉር በብዛት የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ሜሪኖ በተባለው ዘር ለአንዱ አንደኛ ደረጃ ከረጢት 20 ያህል ሁለተኛ ደረጃዎች ይደርሱታል፤ በጠጉረ ሻካሮቹ ዘሮች ግን ቍጥራቸው እጅግ ያንሳል። ባና የሚሸመንበትን የመንዝን በግ ጠጉር በእጁ የዳሰሰ ሰው፣ ከላይ ያለው ወፍራሙ ከውስጠኛው ከቀጭኑ ምን ያህል እንደሚለይ ያውቀዋል።

ግልገሉ ከተወለደ በኋላ አዲስ ከረጢት አይፈጠርለትም፤ የተፈጠሩት ብቻ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበስላሉ። ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ከተራበች ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ በጉ ካደገ በኋላ የቱንም ያህል ቢቀለብ ጉድለቱ አይሞላም። ሺንክልና ሾርት የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 በአውስትራልያ ይህንኑ አስረድተዋል። መንታ ሆኖ የተወለደም በግ የማሕፀኑን ምግብ ተካፍሏልና፣ አድጎ ሲሸለት ጠጉሩ ብቻውን ከተወለደው ያንሳል። እንደ እኔ አስተያየት፣ መኖ ሲያንስ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ለጠቦቱ ሳይሆን ላረገዘችው በግ ነው።

ዛሬ በአውስትራልያ ብዙ ባለ በጎች ያረገዙትን በጎች በአልትራሳውንድ መሣሪያ ያስመረምራሉ፤ መንታ የያዙትንም ለይተው ሣር በበዛበት መስክ ያሰማራሉ።