እንግሊዝኛችንና የካዛንቺስ ዕድር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የሶሺዮሎጂ ተማሪ ከፍ ያለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ እንዴት ይማራል?» የሚል ነው። ርእሱን የሰጡኝ ሰዎች እንግሊዝኛ የማውቅ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል። እኔ የማውቀው የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኝ ያየሁትን ነው፤ የምነግራችሁም እርሱኑ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ቂርቆስ ነው። ለጥናቴ የመረጥሁት ጎረቤታችንን ካዛንቺስን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር «ዕድሩስ ምን ሆነ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፥ «ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው፤ እኔን የተበተነብኝ ቀባሪዬ ነው» አሉኝ። ይኸን በደብተሬ ጻፍሁ። ማታ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ምን እንደ ወጣኝ ታውቃላችሁ? በአማርኛ ልተርጕመውና፥ «ተጠያቂዋ የማኅበራዊ ትስስር መቀነስን ገልጸዋል» የሚል ነው። የሰዋስው ስሕተት የለበትም። አማካሪዬ ግን በቀይ ቀለም «ታዲያ ምን ይሁን?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ለጊዜው ተናደድሁ፤ ቆይቼ ሳነበው ግን ሴትዮዋ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ሌሉ አየሁ። እኔም የለሁበትም።

ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ1986ቱም የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ አድርጎታል። ስለዚህ የሶሺዮሎጂ ተማሪ ሰውን የሚያነጋግረው በአንድ ቋንቋ ነው፤ የሚመረቀው በሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ የሚያስተምረን ክፍል ግን ጥቂት ነው። (የካዛንቺስ ስም ራሱ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት ስም ምሕጻር የመጣ ነው። የባዕዱን ምሕጻር የሰፈር ስም አድርገን ስናበቃ፥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሸነፋችን ይገርመኛል።)

ብዙዎቻችን ችግራችን የቃላት ማነስ ይመስለናል። አይመስለኝም። ኤቨሪል ኮክስሄድ የምትባል የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኒቨርስቲ ንባብ ውስጥ የሚደጋገሙትን 570 የቃል ቤተሰቦች ለይታ አወጣች። በቀን ሁለት ሁለት ቢጠና በ285 ቀን ያልቃል፤ ማጥናቱም ይጠቅማል። ሆኖም ቃሉን ያወቀ ሁሉ ሥራውን አወቀ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ትልቅ የመሰለንን ነገር ሁሉ «ሲግኒፊካንት» እንለዋለን። በቍጥር ለሚሠራው ጓደኛችን ግን ይህ ቃል «ልዩነቱ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያዳግታል» ማለት እንጂ «ትልቅ ነው» ማለት አይደለም።

ዋናው መሰናክላችን ያለው የአባባላችንን ልክ በመወሰን ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰው አነጋግረን ስናበቃ «ይህ ጥናት ያረጋግጣል» ብለን «ፕሩቭስ» እንጽፋለን። አሥራ ሁለት ሰው ምንም አያረጋግጥም፤ ቢበዛ ያመለክታል፤ እንግሊዝኛውም «ሰጀስትስ» የሚለው ለዚህ ነው። የሚያስቀው ነገር፥ ይኸን ልክ በአማርኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይሆናል»፣ «ነው ይላሉ» እያልን ቤታችን ስንነጋገር የእርግጠኝነታችንን መጠን እንደ ቡና ስኳር እየለካን ነው። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን ማንኪያውን እንጥለዋለን። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ አማራው በኅብር መናገር እንደሚወድ ጽፎአል። ከዚህ ተነሥቶ «ግልጽ አድርጋችሁ የማትጽፉት በባህላችሁ ምክንያት ነው» የሚለን ሰው አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። ወርቁን መሸሸግ የሚችል ሰው ወርቁ የት እንዳለ ያውቃል።

ሁለተኛው መሰናክል ፍርሃት ነው። እንግሊዝኛችንን ስለምንፈራ የሰውን አንቀጽ እንዳለ እንገለብጣለን፤ ዛሬ ደግሞ አማርኛውን ለስልካችን ሰጥተን እንግሊዝኛውን እንቀበላለን። እኔም ሞክሬዋለሁ። የሴትዮዋን ቃል ሰጠሁት፤ የወጣው የተስተካከለ እንግሊዝኛ ነበር፤ ቀባሪው ግን በውስጡ አልነበረም።

ከባዱን እንግሊዝኛ መምሰል ደግሞ ሌላው በሽታችን ነው። ሲ. ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው «ዘ ሶሺዮሎጂካል ኢማጂኔሽን» በተባለው መጽሐፉ የታወቀውን የታልኮት ፓርሰንስን ረጃጅም አንቀጾች ወስዶ እያንዳንዱን በጥቂት ተራ ዓረፍተ ነገሮች መልሶ ጽፎት ነበር። እንግሊዝኛ የተወለዱበት ሰዎች እንኳ በዚህ ጉዳይ ከተከራከሩ እኛ ዓረፍተ ነገር አስረዝመን ምሁር ለመባል መድከማችን ለምንድነው?

ስለ ዕድር አተረጓጐምም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን «የቀብር ማኅበር» በሚለው የእንግሊዝኛ ስም እንጠራዋለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ፣ የቅጣቱ ገንዘብ፣ የሐዘን ቤት አዳሩ ሁሉ በዚህ ስም ውስጥ ይቀራል። ዓለማየሁ ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ አዲስ አበባ ዕድሮች ሲጽፍ በእንግሊዝኛው ርእስ ላይ «ዕድር» የሚለውን ቃል እንዳለ ተወው። እኛም እንዲሁ እናድርግ፤ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር እንፍታው፤ ከዚያ በኋላ በስሙ እንጥራው።

ጽሑፌ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስብኝ ያደረግሁትን ልናገር። እኒያን እናት በተዛወሩበት ሰፈር ፈልጌ ሄድሁና በእንግሊዝኛ የጻፍሁትን በአማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። «ትስስር» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ይኸን ያልሁት እኔ ነኝ? እኔ ያልሁት ቀባሪ ነው» አሉኝ። ቡናቸውን ጠጥቼ ተመለስሁና ያንኑ ሌሊት እንዲህ ብዬ ጻፍሁት፤ በአማርኛ ሲሆን፥ «ስለ ቤታቸው ስጠይቃቸው ስለ ቀብራቸው መለሱልኝ። ይህም መፈናቀል ለእርሳቸው ከመጠለያ ማጣት ይልቅ የሚቀብር ሰው ማጣት ሳይሆን እንደማይቀር ያመለክታል» የሚል ነው። በእንግሊዝኛው ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዐቅም በላይ የሆነ ቃል ቢኖር አንድ ወይም ሁለት ነው። አማካሪዬ በዚህኛው ላይ በቀይ ቀለም የጻፉት «ሌሎቹስ ምን አሉ?» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ሥራ ሰጠኝ እንጂ አላናደደኝም።

እንግዲህ አራት አምስት ሆነን በየሳምንቱ ዐርብ ከቀትር በኋላ ለመሰብሰብ ተስማምተናል። እያንዳንዱ ሰው በእንግሊዝኛ የጻፈውን አንድ አንቀጽ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ጓደኛው ወደ አማርኛ መልሶ ያነብለታል፤ ባለ ጽሑፉም «እኔ ያልሁት ይኸን ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይመልሳል። የሰዋስው እርማት በመጨረሻ ነው። መምህራንም ጊዜ ካላቸው ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን እነርሱም እንደ እኛ የራሳቸውን አንድ አንቀጽ ይዘው ነው።