የተያያዘ ሁሉ አያስተላልፍም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር

የተሰጠኝ ርዕስ «በፐርኮሌሽን ዘለላዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰትና የስኬሊንግ ሕግ» ይላል። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን የሬዲዮ ድንጋይ ውስጥ አለ።

ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው መገናኛ ነው። እኔ ግን ያደግሁት በሽቦና በድንጋይ ነው። አባቴ ሬዲዮው ሲደክምበት ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። አንድ ቀን ሰብሬ ከፈትሁትና እጄ ጠቆረ። ጥቁሩ ዱቄት በብዛት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኤሌክትሪክ በቅጡ አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው አብሮት የተለወሰው ካርቦን ነው። ካርቦኑ ሲያንስ ቅንጣቶቹ ተራርቀው ይቀራሉ፤ ከአንድ መጠን ሲያልፍ ግን ተነካክተው ከዳር ዳር ይደርሳሉ። ያንን መጠን ደፍ እንበለው። ፐርኮሌሽን የሚባለውን የዚህን ነገር ሂሳብ ብሮድቤንትና ሃመርስሊ በ1957 እ.ኤ.አ. ጀመሩት።

አሁን ወደምወደው ልግባ፤ ሰዓት የያዛችሁ ታገሱኝ። ይህንኑ በሽቦ ለማየት ከተማሪዎቼ ጋር ባለ አራት ማዕዘን የተበየደ ሽቦ ገዝተን ለእያንዳንዷ ቁራጭ ሳንቲም ወረወርን። ዘውድ ከወጣ ትቀራለች፤ ጎፈር ከወጣ ትቆረጣለች። ሳናስበው ሳንቲሙ ደፉ ላይ አስቀመጠን፤ የዚህ ዓይነቱ መረብ ደፍ ልክ ግማሽ መሆኑን ሃሪ ኬስተን በ1980 እ.ኤ.አ. አረጋግጧልና። ከዳር ዳር ቴስተር ስናገናኝ የመጀመሪያው መረብ መርፌውን አላነቃነቀም። ሁለተኛው አነቃነቀ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያየነው ነው። ከትልቁ ዘለላ፣ ማለትም እርስ በርሱ ከተያያዘው ትልቁ የሽቦ ክፍል፣ ብዙው ሽቦ እንደ አንዳንድ የሰፈራችን ቅያስ ነው፦ ይገቡበታል እንጂ አይወጡበትም። እነዚያን ቅያሶች አንድ በአንድ ቆረጥናቸው። ቆራጩ ልጅ በየቁርጡ ቀና እያለ ያያል፤ የቴስተሩ መርፌ ግን ንቅንቅ አላለም! ከረንቱን የተሸከመው ጥቂት ሽቦ ብቻ ነበር።

ይህን ላስትና ቶውለስ በ1971 እ.ኤ.አ. በሌላ መንገድ አይተውታል። ግራፋይት የተቀባ ወረቀት በዘፈቀደ እየበሱ አስተላላፊነቱን ለኩ። ወደ ደፉ ሲቀርቡ ገና ብዙ የተያያዘ ወረቀት እያለ አስተላላፊነቱ ተመናመነ።

ርዕሴን ረሳሁት መሰለኝ፤ ጊዜውም አልቋል። ስኬሊንግ በአጭሩ ይህ ነው፦ በዝርግ መረብ ላይ ከደፉ ያለንን ርቀት በግማሽ ብናሳጥር የትልቁ ዘለላ ድርሻ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ አስተላላፊነቱ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የርቀቱ አርቢ 1.3 ገደማ ነውና። እንደ ድንጋዩ ውፍረት ባለው ነገር ውስጥ አርቢው 2 ገደማ ይሆናል።

ሽቦውም ሳንቲሙም በእጃችሁ ነው። እቤት ሞክሩት፤ ቅያሶቹን ስትቆርጡ ዓይናችሁ ከቴስተሩ አይነቀል።