ጡሩምባ ነፊውና መልእክተኛው
በኮምፒዩተር ንዑስ መረቦች መካከል ለሁሉም የሚነገር ጥሪ ስለሚሻገርበት መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ኮምፒዩተር መረቦች ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከሙያው አዳዲስና አስደናቂ ነገሮች አንዱን መርጬ እንዳቀርብ የጠበቁ ይኖሩ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን አሮጌ፣ ትንሽና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። አንድ ኮምፒዩተር በአካባቢው ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ጥሪ፣ በሙያችን አነጋገር ብሮድካስት የምንለው፣ ከአንዱ ንዑስ መረብ ወደ ሌላው መሻገር ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ይሻገር ከተባለስ በማን እጅና በምን ሥርዓት ይሻገር? ይህን ጥያቄ የመረጥሁበት ምክንያት፣ መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት የተማርሁት በመሆኑ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ብንነሣ ይቀላል። በየሰፈራችን ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣና በየመንገዱ ይለፍፋል። የእያንዳንዱን ዕድርተኛ ቤት ለይቶ ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ ድምፁ የደረሰው ሁሉ ይሰማል። የጥሪው ጥቅም ይኸው ነው። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው፤ ጉዳዩ የማይመለከተው፣ የሌላ ዕድር አባል የሆነውና ሌሊቱን በሥራ አድሮ ገና ጋደም ያለው ሁሉ አብሮ ይነቃል። ሟቹ በሌላ ሰፈር ዘመድ ቢኖረው ግን ጡሩምባ ነፊው ከተማውን እየዞረ አይነፋም፤ ወደሚታወቀው ቤት መርዶ ነጋሪ ይላካል። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ሥራ መካከል ስላለው ልዩነት ነው ለማለት ይቻላል።

ኮምፒዩተሮችም ጡሩምባ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ አለ። አዲስ የበራ ኮምፒዩተር የራሱን አድራሻ አያውቅም፤ አድራሻ የሚሰጠው ሰርቨር የት እንዳለም አያውቅም። ስለዚህ ወደ 255.255.255.255 ‹አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?› ብሎ ይጣራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1985 ቡትፒ በሚባለው፣ በ1993 ደግሞ እርሱን ተከትሎ በመጣው በዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የተደነገገ አሠራር ነው። እንዲሁም የጎረቤቱን የኔትወርክ ካርድ ቁጥር የሚፈልግ ኮምፒዩተር፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ኤ.አር.ፒ. በተባለው ደንብ መሠረት፣ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለሁሉም ነው። ማንን እንደሚጠይቅ የማያውቅ ጠያቂ ሁሉንም ከመጠየቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ነገር ግን ጥሪውን የሰማ ኮምፒዩተር ሁሉ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ‹ይህ እኔን ይመለከተኛልን?› ብሎ መመርመር ይኖርበታል። ሃያ ኮምፒዩተሮች ባሉበት መረብ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ብዙ መቶ በሚሆኑበት ጊዜ ግን ጥሪው ራሱ ሸክም ይሆናል፤ አንዱ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ቢጣራም ሁሉም አብረው ይታወካሉ። መረቦችን ወደ ንዑስ መረቦች የምንከፍልበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ይኸው ሲሆን፣ በድንበሩ ላይ የሚቆመው ራውተር የጡሩምባውን ድምፅ የሚገታ አጥር ነው።

ይህ ሥርዓት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ጥቅምት ወር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሞጉል ስለ ንዑስ መረቦችና ስለ ብሮድካስት ተከታታይ የደንብ ሰነዶችን አወጣ፤ እነርሱም አር.ኤፍ.ሲ. 917፣ 919 እና 922 ናቸው። ዛሬ የምንሠራበት አሠራር ሁለት ዐይነት ጥሪዎችን ይለያል። አንደኛው ከላይ የጠቀስሁት የ255.255.255.255 ጥሪ ሲሆን፣ ይህን ራውተር ፈጽሞ አያሻግረውም። ሁለተኛው ወደ አንድ የተወሰነ ሩቅ ንዑስ መረብ የሚላክ ጥሪ ነው። ለምሳሌ ከ192.168.5.0 እስከ 192.168.5.255 ባለው ንዑስ መረብ ላሉት ሁሉ የሚላክ መልእክት አድራሻው 192.168.5.255 ይሆናል። ይህ መልእክት በመንገዱ ላይ እንደ ማንኛውም ፓኬት ዝም ብሎ ይጓዛል፤ ከመጨረሻው ራውተር ሲደርስ ግን ጡሩምባ ይሆናል።

ለመሆኑ ጥሪን በመላው መረብ ማዳረስ የተተወው ዘዴው ስለ ጠፋ ነውን? አይደለም። ዮገን ዳላልና ሮበርት ሜትካፍ ገና እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ብልኅ ዘዴ አሳትመው ነበር። በዘዴያቸው መሠረት ራውተሩ ጥሪውን የሚያሳልፈው፣ እርሱ ራሱ ወደ ጠሪው ለመሄድ በሚመርጠው መንገድ በኩል የመጣ እንደሆነ ብቻ ነው፤ በሌላ በኩል የመጣውን ይጥለዋል። ስለዚህ ድምፁ እየዞረ አይባዛም። የጎደለው ብልኀት አልነበረም ማለት ነው። የሚያስፈልገው ‹ይቻላልን?› የሚለውን ብቻ ሳይሆን ‹ይገባልን?› የሚለውን ጭምር መጠየቅ ነበር። እኔ ሳልጠይቅ ያለፍሁትም ይህን ሁለተኛውን ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። በባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ መረብ ላይ ነበሩ። ሥራው እየተንቀረፈፈ በመሄዱ መረቡን በየፎቁ ከፍዬ ሦስት ንዑስ መረቦች እንዳደርገው ታዘዝሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሬ እሑድ ማታ ጨረስሁ። አድራሻውን በእጄ በሞላሁለት በራሴ ኮምፒዩተር ሦስቱንም ፎቆች ፈተንሁ፤ ሁሉም መልካም ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ በሚገኝበት በአንደኛው ፎቅ ሥራ እንደ ወትሮው ተጀመረ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ ግን አንድም ኮምፒዩተር ሥራ ሊጀምር አልቻለም። ሁሉም በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዘው ተገኙ፤ ይህም አድራሻ የሚሰጠው ያጣ ኮምፒዩተር ለራሱ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ባለጉዳዮች የሚስተናገዱት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስለ ነበር ሰልፉ እስከ ደረጃው ወረደ። እኔም በድንጋጤ የሁለተኛውን ፎቅ ስዊች ከአንደኛው፣ የሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር በገመድ አገናኘሁ። አንዱ ቢበጠስ ለመጠባበቂያ ይሆናል ብዬም ሦስተኛውን ከአንደኛው ጋር በሌላ ገመድ አያያዝሁት። በዚህ ሁኔታ በገዛ እጄ ክብ ሠራሁ።

የአይ.ፒ. ፓኬት በእያንዳንዱ ራውተር ባለፈ ቁጥር የሚቀነስ የዕድሜ ልክ አለው። በስዊቾች መካከል የሚጓዘው የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም፤ ክብ መንገድ ካገኘ ያለ ማቋረጥ ይዞራል፣ ጥሪ የሆነ እንደሆነም በየዞረበት ይባዛል። ይህን ለመከላከል ራድያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣችው ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ዘዴ በብዙ ስዊቾች ውስጥ ቢኖርም፣ የእኛዎቹ ርካሽ ስዊቾች አልነበራቸውም። ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ደኅና ይሠራ የነበረው አንደኛው ፎቅም ቆመ።

በመሥሪያ ቤቱ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ ቴክኒሽያን ነበሩ። መጥተው ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀሏቸውና፣ «ልጄ፣ ሰርቨሩ ያለው አንደኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚጮኸውን በምን ጆሮው ይስማ?» አሉኝ።

«እንዲሰማ ብዬ እኮ ነው ያገናኘኋቸው፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«ግድግዳ አፍርሶ ማሰማትማ ምን ሙያ አለው? በሩ ላይ መልእክተኛ አቁምበት እንጂ» አሉና በራውተሩ ላይ ለሁለቱ ፎቆች ሁለት መስመር ጻፉ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁሉም ሥራ ጀመረ።

ጋሼ ያቆሙት መልእክተኛ በሙያችን ሪሌይ ኤጀንት የሚባለው ነው። አሠራሩን በቅርብ ብንመለከተው ብዙ ያስተምራል። ራውተሩ የኮምፒዩተሩን ጥሪ እንደ ጎረቤት ይሰማል፤ ጥሪውን ግን በሌላው ሰፈር ደግሞ አይጮኸውም። በመልእክቱ ውስጥ ለዚሁ በተተወው ቦታ ላይ፣ ጥሪውን በሰማበት በኩል ያለውን የራሱን አድራሻ ይጽፍና ለአንድ ለታወቀ ሰርቨር ብቻ ይልከዋል። ሰርቨሩም ያንን አድራሻ አይቶ ጠያቂው ከየትኛው ንዑስ መረብ እንደ ሆነ ይረዳል፤ ለዚያ የሚስማማ አድራሻ መርጦም በዚያው መልእክተኛ በኩል ይመልሳል። ከዚህም በላይ መልእክተኛው ስንተኛው ተቀባይ እንደ ሆነ ይቈጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ቍጥሩ ከ16 ያለፈ ጥያቄ ይጣላል። እንግዲህ መልእክተኛውን ከጡሩምባ ነፊው የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ መንገዱም ልክ አለው።

መልእክተኛ ማቆም ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ምን እንደሚሸከም መወሰን ያስፈልጋል። ለምሳሌ በሲስኮ ራውተሮች ላይ ሄልፐር አድሬስ የሚባለው ትእዛዝ፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ ወደ ስምንት የዩ.ዲ.ፒ. ወደቦች የሚሄዱ ጥሪዎችን ያስተላልፋል። እኛ ለአድራሻ ሥራ ብቻ ብለን ብንጽፈው፣ የሰዓት ጥያቄና የቆዩ የዊንዶስ ስም ፍለጋዎችም አብረው ይሻገራሉ። የማንፈልገውን መዝጋት የእኛ ፈንታ ነው።

ሁለተኛውን ዐይነት ጥሪ፣ ወደ ሩቅ ንዑስ መረብ የሚላከውን፣ በተመለከተ ደግሞ ዓለም በሙሉ የተማረው ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የራውተሮች ደንብ ይህ ጥሪ ካልተከለከለ በቀር እንዲያልፍ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ግን ስመርፍ የተባለው ጥቃት ተስፋፋ። አጥቂው ‹አለህን?› የሚል አጭር ፓኬት በተጠቂው ስም አስመስሎ ወደ አንድ ንዑስ መረብ ሁሉ ይልካል። በዚያ ሁለት መቶ ኮምፒዩተሮች ቢኖሩና ሁሉም ቢመልሱ፣ አንዱ ፓኬት ሁለት መቶ ሆኖ ምንም ባልጠየቀው በተጠቂው ላይ ይወርዳል። በሐሰት መርዶ የሰው ደጅ በለቀስተኛ እንደ ማጥለቅለቅ ያለ ሥራ ነው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1999 ነሐሴ ወር በአር.ኤፍ.ሲ. 2644 ደንቡ ተገለበጠ፤ ካልተፈቀደ በቀር አይለፍ ተባለ። ልብ በሉ፤ የተለወጠው የመሣሪያው ችሎታ አይደለም። የተለወጠው ማንም ምንም ሳይናገር ሲቀር የሚጸናው ውሳኔ ነው።

ይህን ስል ጥሪው ሁልጊዜ ይከልከል ማለቴ አይደለም። ሌሊት የጠፉ ኮምፒዩተሮችን ከሩቅ አስነሥቶ ማደስ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አለ። የሚያነቃው መልእክት ሁሉም ቢቶቻቸው 1 የሆኑ 6 ባይቶችና 16 ጊዜ የተደገመ የኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ሲሆን፣ በጠቅላላው 102 ባይት ነው። የተኛ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ለኤ.አር.ፒ. ጥያቄ መልስ ስለማይሰጥ፣ ራውተሩ መልእክቱን ለእርሱ ብቻ ለይቶ ማድረስ ያቅተዋል፤ በዚያ ሰፈር ጡሩምባ መንፋት ግድ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ፈቃዱን ለአንድ ለታወቀ ሰርቨር ብቻ መስጠት ይቻላል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚሻለው በየንዑስ መረቡ ሁልጊዜ የሚበራ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር አኑሮ፣ መልእክቱን ለእርሱ በአድራሻው መላክና ጡሩምባውን እርሱ በሰፈሩ እንዲነፋ ማድረግ ነው።

አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት፣ አይ.ፒ. ስድስት፣ ብሮድካስትን ጭራሹን አስቀርቶ ጥሪው ለሚመለከታቸው ቡድኖች ብቻ እንዲደርስ አድርጓል። መልእክተኛው ግን በዚያም ቀረ፤ ለዚሁ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የዲ.ኤች.ሲ.ፒ. ደንብ ውስጥ ሪሌይ ኤጀንት ሥፍራውን ይዞ ይገኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈልግ ይህ በራሱ የሚመሰክር ይመስለኛል።

እንግዲህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ማሳሰቢያ አጭር ነው። አንድ ጥሪ ድንበር ይሻገር ስንባል አስቀድመን ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። የሚፈልገው ማን ነው? አድራሻው የታወቀ አንድ ተቀባይ ሊኖረው ይችላልን? ልኩስ የት ላይ ነው? መልሱንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እናኑር። ጋሼ የጻፏቸውን ሁለት መስመሮች እኔ በዚያን ቀን በመዝገብ አላሰፈርኋቸውም ነበር። ራውተሩ ተበላሽቶ በሌላ ቢተካ ኖሮ ያ ሰኞ እንደ ገና ይመጣ ነበር።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ገመድ ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ፣ ከሰልፉ መካከል አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ይሆን ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቅም፣ እናቴ» ነበር መልሴ። እውነቴን ነበር፤ አላውቅም ነበር። እኒያ እናት ስለ ንዑስ መረብ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ማወቅ የሚጠበቅብን እኛ ነን።