ማንም ሳይጨምረው የከበደ ግብር

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን አዲስ የበጀት ዓመት ይጀምራል። የበጀቱ ክርክር ሲሰማ ጉዳዩ የምክር ቤት ብቻ ይመስለናል። እስቲ በደጀ ሰላማችን የሚያድረውን ዘበኛ እናስብ።

በ2008 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከግብር ነፃ የነበረው ወርኃዊ ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። በዚያ ስሌት 2,000 ብር የሚከፈለው ዘበኛ በየወሩ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቈረጥበት ነበር። ገበያው በየዓመቱ ሲንር ወሰኑ ባለበት ቆየ፤ ግብር ይጨመር ብሎ እጁን ያወጣ ሳይኖር የድሃው ሸክም ከበደ። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ነፃው ወሰን 2,000 ብር ደረሰ፤ የዘበኛውም ግብር ቀረ። ያም ሆኖ ሳሙና ሲገዛ ባለጠጋው የሚከፍለውን 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ እርሱም ይከፍላል።

ያለ ግብር ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም አይቆምም። ስለዚህ ቃላችን «አይከፈል» ሳይሆን «እንደ አቅም ይሁን» ነው።

ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ነፃው ወሰን ከኑሮው ጋር በየጊዜው እንዲታይ ለመረጥናቸው ተወካዮች እናስረዳ፤ ወረዳው ስለ በጀት ሲያወያይም ከየአጥቢያው ሰው ይገኝ። ሁለተኛ፣ የደመወዝ መዝገባችንን እንመርምር፤ በአሮጌው ስሌት እየቈረጥን ከሆነ ዛሬውኑ እናርም፤ የተቈረጠውንም በጊዜው ገቢ እናድርግ። የራሳችን ሚዛን ሳይቃና ስለ ሌላው ሚዛን መናገር አይገባንምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።