ባሕር ማዶ ባለ ወንድም የተያዘ ሚራስ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ንግግራችን መነሻ ከኮልፌ የደረሰን ደብዳቤ ነው። የጸሐፊዋ እህታችን አባት ወደ አኼራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የተዉት ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆችን ነው። ቤታቸውና ከመንገድ ዳር ያለው ሱቅ በወር 16,000 ብር ይከራያል። ኪራዩን የሚሰበስበው አሜሪካ የሚኖረው ወንድም ያስቀመጠው ሰው ነው፤ ካርታውም በዚሁ ሰው እጅ ነው። እናትየዋ ከልጃቸው ጋር በኪራይ ቤት ይኖራሉ። ወንድም ሲጠየቅ «ስመጣ እንነጋገራለን፤ ደግሞም ቤቱ የታደሰው እኔ በላክሁት ገንዘብ ነው» ይላል። የእህታችን ጥያቄ አንድ ነው፤ ብከሰው ዝምድና መቁረጥ ይሆንብኛልን?

አይሆንም። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ሸሂድ ከሆኑት ሶሐቦች አንዱ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ነበሩ። ባለቤታቸው ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡና የልጆቹ አጎት ንብረቱን በሙሉ እንደወሰደው አመለከቱ። ጃቢር እንዳስተላለፉት፣ የውርስ አንቀጽ በወረደ ጊዜ ነቢዩ አጎትየውን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የቀረው የእርሱ እንደሆነ ነገሩት። ልብ በሉ! እኚያ ሴት ገና ሐዘን ላይ ሳሉ ነው አቤት ያሉት። ዘመድ ከሰሽ ተብለው አልተወቀሱም፤ የተጠራው ሐቅ የያዘው ሰው ነው።

ወደ ኮልፌው ቤት እንመለስ። ንብረቱ በ32 ድርሻ ይከፈላል፤ እናት 4፣ ወንድም 14፣ እያንዳንዷ እህት 7። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ኪራዩም ከሞት ቀን ጀምሮ በዚሁ ልክ የወራሾች መሆኑን ነው። በወር የእናት 2,000፣ የእያንዳንዷ እህት 3,500 ብር መሆኑ ነው። በሁለት ዓመት የእናት 48,000፣ የእያንዳንዷ እህት 84,000 ብር ይደርሳል። ለግብርና ለጥገና በእርግጥ የወጣ ካለ በደረሰኝ ይቀነሳል። የቀረውን የያዘ ሰው የእናቱን ገንዘብ ይዟል፤ በረመዳን ከሚልከው ዘካ ጋር ይህንንም ቢያስበው መልካም ነበር።

ለእድሳት ላክሁ ያለውስ? አባቱን ለመርዳት ልኮት ከሆነ ስጦታ ነው፤ አጅሩ አላህ ዘንድ ነው፣ ቤቱ ግን የአባት ነው። ብድር ነው ካለ ማስረጃውን ያቅርብ። ከተረጋገጠ ዕዳ ነውና ከክፍፍሉ በፊት ይከፈለዋል፤ እህቶችም ሊክዱት አይገባም። ያልተከፈለ የእናት መህር ካለም እንዲሁ ከክፍፍሉ የሚቀድም ዕዳ ነው። እናት ከራሳቸው ገንዘብ ለቤቱ ያዋጡት ካለም ከሚራሱ ጋር አይቀላቀል።

እህቴ፣ በመጀመሪያ በሽማግሌ ጠይቁት። እርሱ በሚሰግድበት መስጂድ ያሉ ኢማም ቢያናግሩት ከስልክ ጭቅጭቅ ይሻላል። ድርሻውን በቁጥር ጽፋችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ ላኩለት። ይህ ሁሉ ግን ዓመት አይፍጅ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1000 መሠረት ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ዝም ካለ የውርስ ጥያቄው በይርጋ ሊታገድ ይችላል። አላህ ዘንድ ሐቅ በይርጋ አይቀርም፤ ዳኛው ግን ይቆጥራል። የእናንተ ሁለቱ ዓመት አልፏል።

አባትየው በሕይወት ሳሉ ለልጃቸው ውክልና ሰጥተው ከነበረ በሞታቸው አብቅቷል። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፤ ቤቱ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር ፍርድ ቤት እግድ እንዲሰጥ አመልክቱ። ወንድም ውጭ መሆኑ ክሱን አያስቀረውም፤ ቤቱ ያለው እዚሁ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሙስሊም ሟችን ውርስ ያያሉ፤ ለዚህ ግን የተከራካሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ወንድም አልፈቅድም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

እዚያ ላይ እህቶች ጠንቀቅ በሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ሚስት ደግሞ ያለ ኑዛዜ ከባሏ አትወርስም። ፍርዱ ከ7 ድርሻ በላይ ቢሰጣችሁ ትርፉ የእናታችሁና የወንድማችሁ ነውና መልሱላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስረጃ በሌለው የቆየ ውርስ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች በቀረቡላቸው ጊዜ፣ በንግግሩ ብልጫ የወንድሙን ሐቅ የተፈረደለት ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱ ሐቁን ለሌላው ተወ። ነቢዩ ግን እንዲሁ አላሰናበቷቸውም፤ ሐቁን ፈልገው እንዲከፍሉ፣ ዕጣ እንዲጣጣሉ፣ ከዚያም አውፍ እንዲባባሉ አዘዟቸው።

ታናሽ እህትሽ «ለሰላም ስል ድርሻዬን ልተውለት» ማለቷንም ጽፈሻል። መተው ትችላለች። ግን ድርሻዋ ተለክቶ፣ በእጇ ገብቶ፣ ማንም ሳይጫናት ይሁን። በይሉኝታ የተሰጠ ገንዘብ ለተቀባዩም ሐላል መሆኑ ያጠራጥራል። እርሷም እስከዚያ ድረስ ምንም ወረቀት አትፈርም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።