ስለ ማሸጊያና ስለ ማጓጓዣ ወጪ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥገና አይደለም። ጠግነን ከጨረስን በኋላ ስለሚመጣው፣ ብዙዎቻችን ከሙያ ስለማንቆጥረው ስለ ማሸግና ስለ መላክ ነው። እንደምታውቁት ዛሬ ያገለገለ አምፕሊፋየር ወይም የሸክላ ማጫወቻ ገዢ የሚያገኘው በሱቅ ደጃፍ ብቻ አይደለም፤ ፎቶግራፉ በቴሌግራም በወጣ በሰዓታት ውስጥ ከሐዋሳም ከደሴም ይጠየቃል። የሚጠየቀው ግን ዋጋው ነው። እንዴት እንደሚላክ የሚነሣው ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እኔ የምኖረውም የምሠራውም ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ያገለገለ አምፕሊፋየር ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው በ14,000 ብር ሸጥሁ፤ «መላኪያውን እኔ እችላለሁ» አልሁ። ለካርቶንና ለስፖንጅ 600 ብር፣ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ላወረደልኝ ሰው 200 ብር፣ ከገላን እስከ አውቶቡስ ተራ ለታክሲ 1,100 ብር፣ ለአውቶቡሱ ጭነት 500 ብር ከፈልሁ። ድምሩ 2,400 ብር፣ ማለትም ከሽያጩ ከስድስት እጅ አንዱን እጅ ያለፈ ነው። ልብ በሉ፤ ከሁሉ የበለጠው ወጪ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው ሳይሆን ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ አበባ ያለው ነው። ገዢው የአዳማ ሰው ቢሆን ኖሮ የቃሊቲ መናኸሪያ ቅርቤ ስለ ሆነ ሒሳቡ ሌላ ነበር።

ዕቃው ደረሰ፤ ነገር ግን ድምፅ አልሰጠም። ገዢው ክዳኑን ከፍቶ ፎቶግራፍ ሲልክልኝ ትራንስፎርመሩ ከመቀመጫው ተነቅሎ፣ ሰርኪዩቱን ሰብሮ፣ በጎኑ ተኝቶ አየሁ። አውራጆቹን ለመውቀስ ቃጥቶኝ ነበር። ዳሩ ግን ካርቶኑ ከውጭ አንድ ጭረት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የእኔው ነበር። የፍራሽ ስፖንጅ በከባድ ብረት ሥር ሲውል ይሟሽሻል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ እንደ ሌለ ይቆጠራል። ለአምፕሊፋየር የሚበጀው ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ደረቅ ነጭ ፎም ነው፤ እርሱም በተለይ ትራንስፎርመሩ ባለበት ወገን መወፈር አለበት። አስቀድሞም የትራንስፎርመሩ ብሎኖች መጥበቅ አለባቸው። ይህን ሳላደርግ በመቅረቴ ገንዘቡን መለስሁ፤ የመመለሻውንም ጭነት ከፈልሁ።

የሸክላ ማጫወቻ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚሽከረከረው የብረት ሰሌዳ ወጥቶ ለብቻው ይጠቀለላል፤ በክንዱ ጫፍ ያለው ክብደት ይነቀላል፤ ክንዱ ከማረፊያው ጋር ይታሰራል፤ መርፌው ይሸፈናል። ሰሌዳው ካልወጣ በመንገድ እየዘለለ መሐል ዘንጉን ይጎዳዋል።

በአየር ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስቡ ባልደረቦች አንድ ነገር ይወቁ። ፈጣን መልእክት አመላላሽ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፤ የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000 ያካፍሉና ከሚዛኑ የበለጠውን ይወስዳሉ። 50 በ45 በ30 የሆነ ካርቶን 13.5 ኪሎ ይባላል፤ ውስጡ ያለው ማጫወቻ 7 ኪሎ ቢሆን እንኳ። ለደኅንነቱ ብላችሁ በሁለተኛ ካርቶን ውስጥ ከትታችሁ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ብትጨምሩ 60 በ55 በ40 ይሆንና ሒሳቡ ወደ 26.4 ኪሎ ይወጣል። ዕቃው ደኅና እንዲሆን የተደረገው ጥንቃቄ ራሱ ወጪውን ወደ እጥፍ ይወስደዋል ማለት ነው። ወገኖቻችን የ23 ኪሎ ሻንጣ የተፈቀደለትን መንገደኛ ዘመድ የሚለምኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገር ውስጥ ጉዞ ግን ሜትር የሚዘረጋ የለም፤ የአውቶቡሱ ረዳት በዓይኑ ይመዝናል፤ ትልቅ ካርቶን ካየ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ አንዳንዴም ሌላ ጭነት ይደራርብበታል።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። በማስታወቂያችን ላይ ዋጋው «ገላን ላይ ለሚረከብ» ተብሎ ይጻፍ፤ የማሸጊያው ዋጋ ከሥሩ ለብቻው ይቀመጥ፤ ጭነቱን ተቀባዩ እንዲከፍል፣ ይህም ከክርክሩ በፊት እንዲነገር ይሁን። ማሸግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ስለ አንድ ሰዓት ጥገና የምናስከፍል ሰዎች ይህን በነጻ የምንሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ገዢው ይሸሻል የምትሉ አላችሁ። ይሸሻል፤ ከእኔም ሁለት ሦስት ሸሽተዋል። የቀሩት ግን ዕቃቸው ሲደርስ የሚጨቃጨቁት ነገር አልነበራቸውም።

ያ አምፕሊፋየር ከሌላ በተወሰደ ትራንስፎርመር ተጠግኖ ዛሬ ይሠራል። ከአንድ የድሬዳዋ ሰው ጋር ተነጋግረናል፤ ማሸጊያውን ጨምሮ ዋጋውን ነግሬዋለሁ፤ መልሱን እጠብቃለሁ።