ከአለማያ ወደ ስቲልዋተር፦ የአርቪ ጉዞ፣ ማዕበልና አንድ ፖስታ

(በማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጉዟችሁን አጫውተን፤ ግን አታርዝመው፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ።

ባለፈው ግንቦት አራት ሆነን ከዳላስ ተነሥተን ኦክላሆማን በአርቪ ዞረን መጣን። አርቪ ለማታውቁት፣ መኝታ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ያለው መኪና ነው። የሄድነው እኔና ባለቤቴ፣ የዶርም ጓደኛዬ፣ እንዲሁም ከሁላችንም ቀድመው የተመረቁት፣ ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን ነን። የአራታችን ዕድሜ ቢደመር ሦስት መቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ልጆቻችን «በአውሮፕላን ሂዱ፣ ሆቴል እንያዝላችሁ» ቢሉም አልሰማናቸውም። ቡናችንን በራሳችን ጀበና እያፈላን፣ ደስ ባለን ቦታ እያደርን መሄድ ነበር የፈለግነው።

ለምን ኦክላሆማ? የአለማያ ልጅ ይህን አይጠይቅም፤ ለወጣቶቹ ስል ግን ልናገር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገሩ። የኮሌጃችን ጥንስስ ያ ንግግር ነው። ሰውዬው ግን ፍሬውን ሳያዩ ቀሩ፤ በዲሴምበር 1951 ቴህራን አጠገብ በበረዶ ውሽንፍር በወደቀ አውሮፕላን ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። ሥራው ግን አልቆመም። በ1952 ስምምነቱ ተፈርሞ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀመረ፤ በኋላም ወደ አለማያ ተዛወረ። በጁን 1954 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ። የኦክላሆማ መምህራንም እስከ 1968 ድረስ ከእኛ ጋር ሠሩ። ማስተማር፣ መመራመር፣ ያንን ደግሞ ገበሬው ማሳ ድረስ ማውረድ፤ ይህ በሦስት እግሩ የቆመ አሠራር የመጣልን ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ኦክላሆማ ሲቲ ነበር። በአፕሪል 19 ቀን 1995 በፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ላይ በፈነዳው ቦምብ የሞቱትን የሚያስታውሰውን ስፍራ አየን። ሣሩ ላይ 168 ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ የአንድ ሰው ስም አለ። ከመካከላቸው 19ኙ ትንንሽ ናቸው፤ የሕፃናት ናቸው። ጋሼ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ስለሄዱ እዚያ ግማሽ ቀን ቆየን። «ስም ሲጻፍ ሰው አይጠፋም» አሉን፣ መኪናው ውስጥ ሲገቡ።

በማግሥቱ ስቲልዋተር ገባን። በ1894 የተሠራውን የግቢውን ጥንታዊ ሕንፃ አየን፤ ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ካርል ብላክዌል የሚባለው ሐይቅ ዳር ሰፈርን። ይህ በ1930ዎቹ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ባለቤቱም ዩኒቨርሲቲው ነው። ውኃው ፊት ለፊታችን፣ ጀበናው እሳት ላይ። የዶርም ጓደኛዬ «አለማያ የገባን እኮ መሰለኝ!» አለ።

እንግዲህ ኦክላሆማ በጸደይ የቶርኔዶ አገር ናት። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር እዚያ ሜዳ ላይ ይጋጠማል። ስለዚህ እዚያ የሚሄድ ሰው ሁለት ቃል መለየት አለበት። «ዎች» ሲባል ሁኔታው ለቶርኔዶ የተመቸ ነው፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ሲባል ግን ቶርኔዶው በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው በካውንቲ ስም ስለሚነገር፣ ያደራችሁበትን ካውንቲ ስም ካላወቃችሁ ሬዲዮው ቢጮህም አይጠቅማችሁም። ባለቤቴ «ፔይን ካውንቲ» ብላ በትልቁ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ስንደርስም መጀመሪያ የጠየቅነው ስለ ውኃና ስለ መብራት ሳይሆን «መጠለያው የት ነው?» ብለን ነው። አርቪ የቱንም ያህል ቢያምር ለቶርኔዶ መጠለያ አይሆንም፤ ረጅምና ቀላል ስለሆነ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

ከሰዓት በኋላ «ዎች» ተባለ። የበራፉን ዳስ አጠፍን፣ የመብራቱን ገመድ ነቀልን፣ ጫማችንን አጥብቀን አሰርን። ወደ ማታ ሰማዩ ጠቆረና አረንጓዴ ቢጤ ሆነ። ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። ከዚያ የአራታችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ሮጥን። ሮጥን ስላችሁ በእኛ ዕድሜ እንደሚሮጠው ነው። ጋሼ ግን መሳቢያ ከፍተው ይፈልጋሉ። «ጋሼ፣ ይተዉት፣ እንውጣ!» ብላ ባለቤቴ ጮኸች። «መጣሁ፣ መጣሁ» አሉና አንድ ቡናማ ፖስታ ጃኬታቸው ውስጥ ከትተው ወጡ። ከሌሎች ሰፋሪዎች ጋር በግንብ በተሠራው የካምፑ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። እንቁላል የሚያህል በረዶ ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ አጠገባችን ያለውን ሰው እንኳ መስማት አልቻልንም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቶርኔዶው እኛ ጋ ሳይደርስ አለፈ። የአርቪያችን የጣሪያ መስኮት ግን በበረዶው ተሰባብሮ ውኃው ፍራሹን፣ ልብሱን፣ ጋሼ ይዘውት የመጡትን የፎቶ አልበም አርሶታል። ብዙዎቹ ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ሲላቀቁ ፊታቸው ተላጠ።

ፖስታው ውስጥ የነበረው ግን ተረፈ። አንድ ፎቶ ነው። አሥራ አንድ ወጣቶች አለማያ ሐይቅ ዳር ቆመዋል፤ ሐይቁ ከኋላቸው ሙሉ ሆኖ ይታያል። ጀርባው ላይ ጋሼ በራሳቸው እጅ የሁሉንም ስም፣ የመጡበትን አገርና ቀኑን ጽፈዋል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ያ ሐይቅ ምን እንደሆነ መምህራኖቻችን ያውቃሉ። የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከእሱ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ ከብት የሚሻገረው ሜዳ ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልሶ ውኃ መያዙን ስንሰማ ደስ ብሎናል። ታዲያ ውኃው ያኔ እስከ የት ይደርስ እንደነበር የሚያጠና ተማሪ ቢመጣ፣ የጋሼ ፎቶ ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ነው። እኛ ትዝታ የምንለው ለሌላው መረጃ ነው።

በመጨረሻ ቱልሳ ሄድን። ግሪንውድ የሚባለውን የጥቁሮች የንግድ ሰፈር በ1921፣ ከሜይ 31 እስከ ጁን 1፣ የታጠቀ የነጮች መንጋ 35 ብሎክ ያህል አቃጠለው። ያኔ በመንግሥት የተነገረው የሟቾች ቁጥር 36 ነው፤ ታሪክ አጥኚዎች ግን እስከ 300 ሊደርስ ይችላል ይላሉ። ነገሩ ለአሥርት ዓመታት በትምህርት ቤት እንኳ አልተነገረም። ከ2020 ጀምሮ የመቃብር ቦታ እየተቆፈረ አስከሬን ይፈለጋል፤ ስማቸውን ለመመለስ። በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ አንዱ ጋ ለእያንዳንዱ ሟች ወንበር አለው፤ ሌላው ጋ ቁጥሩ እንኳ አይታወቅም።

የእኛን ታሪክ ከዚያ መከራ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን ያልተጻፈ ነገር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ፣ ጠፍቶ መፈለጉም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚያ አየሁ። የአለማያ ታሪክ ዛሬ በየጋራዣችን፣ በየአልጋችን ሥር፣ በየሽማግሌው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ማስጠንቀቂያው ከተነገረ ቆይቷል፤ በየዓመቱ በዚህ አዳራሽ የምናነበው የሟቾች ዝርዝር እየረዘመ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ፎቷችሁን አውጡና ጀርባው ላይ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት ጻፉ፤ ስም የሌለው ፎቶ ለልጅ ልጅ ባዶ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ በማኅበራችን፣ አንዱ ሐረማያ ቤተ መጻሕፍት። በአንድ ጣሪያ ሥር ያለን ነገር አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ወጣቶች፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ከአንድ ታላቅ ጎን ተቀመጡና ጠይቁ፤ ዛሬ ማታ። መምህራኖቻችንም የምንልከውን የሚቀበል አንድ ሰው መድቡልን።

ጋሼ እዚያ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፖስታው ኪሳቸው ውስጥ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ስካነሩን በሩ አጠገብ ተክሎታል። የመጀመሪያው የእሳቸው ነው፤ ቀጥሎ ማን እንደሚነሣ እናያለን። መልካም እራት!